ጥፋቱን ያልካደ ብዕር

ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስተዋት ነው ሲባል ዘወትር እንሰማለን። መስተዋቱን የያዘው ሰው ከወንበዴ ቤት የወጣ ሲሆንስ ምን ይታያል? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን በሪቻርድሰን የምንገኝ ጥቂት አንባቢያን በጋራ ያነበብነው የጃፓናዊው ማናቡ ሚያዛኪ ግለ ታሪክ፣ «ቶፓሞኖ» ነው። መጽሐፉ በአገሩ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በ2005 ታትሟል። ርእሱ መዘዙን ሳያሰላ ጥሶ የሚሄድ ሰው ማለት ነው።

ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1945 በኪዮቶ ተወለደ፤ በ2022 አረፈ። አባቱ ያኩዛ ከሚባሉት የተደራጁ ወንበዴዎች የአንዱ ቡድን አለቃ ነበር። ልጁ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1960ዎቹም ዱላ የጨበጠ ቡድን እየመራ ከሌሎች የግራ ድርጅቶች ተማሪዎች ጋር ተፋለመ። ኋላ ጋዜጠኛ፣ ቀጥሎም የቤተሰቡ የሕንፃ ማፍረስ ሥራ ኃላፊ ሆነ። በ1984 እና በ1985 ጣፋጭ አምራች ኩባንያዎችን በመርዝ እያስፈራሩ ገንዘብ ከጠየቁት አንዱ ነው ተብሎ ተጠረጠረ፤ ግን አልተከሰሰም፤ ምስጢሩም ሳይፈታ ቀረ።

በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ብርታት ደራሲው ንጹሕ ነኝ ብሎ ምሕረት አለመለመኑ ነው። ወንበዴነትም ከሰማይ እንዳልወረደ ያሳየናል፤ የተናቁት ቡራኩሚንና ኮሪያውያን ሥራና ክብር ሲነፈጋቸው ወደ ያኩዛ መጠጋታቸውን ይተርካል። ድክመቱ ደግሞ ለወንበዴው የጀግና ካባ መደረቡ ነው፤ የተበደለው ሰው ድምፅ እምብዛም አይሰማም።

በእኛ አገር ለሽፍታ ይፎከርለታል እንጂ ሽፍታው ራሱ ብዕር ሲያነሣ አናይም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ያመፁትን ገበሬዎች የሚመራውን አበጀ በለውን የምናውቀው በደራሲው አንደበት ነው። ከ1966ቱ አብዮት የተረፉት ግን ራሳቸው ጽፈዋል። ሆኖም በብዙዎቹ ማስታወሻዎች ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላው ድርጅት ነው። በጃፓን በዱላ የተካሄደው ዓይነት የተማሪዎች ጠብ በእኛ ዘንድ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. እስከ ጥይት ደርሶ ወንድም ወንድሙን ገድሏል። የሟቾቹ ቁጥር ይህን ያህል ሲሆን ገዳይ ነኝ የሚል ብዕር ለምን ታጣ?

ያንን ታሪክ በስደት የወረስን እኛ ከሚያዛኪ የምንማረው ያኩዛነትን አይደለም። የምንማረው ማስታወሻ የሚጽፍ ሁሉ «ምን አደረጉኝ?» ከማለቱ በፊት «እኔስ ምን አደረግሁ?» ብሎ መጀመር እንዳለበት ነው። ይህ ጥያቄ ያልገባበት ታሪክ ቂምን ለልጅ ከማውረስ አያልፍም።