ፊታውራሪን ማን ይጫወት?

ባለፈው ወር ባደረግነው የንባብ ምሽት ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጥቂት ገጾች በትወና መልክ ቀርበው ነበር። ጉዱ ካሳን ያልፈለገ አልነበረም፤ ፊታውራሪ መሸሻን የፈለገ ግን አንድም ሰው ጠፋ። በዕጣ ሲሆን ለኔ ደረሱኝ።

ቅድመ አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ እስኪወጣ ድረስ የሚያርሱት መሬት የራሳቸው አልነበረም። እኔም አጋጣሚውን አገኘሁና ፊታውራሪን ተበቀልኳቸው። ደረቴን ነፋሁ፣ ድምፄን አጎረነንኩ፣ ዓይኔን አጉረጠረጥኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጥሩ የተጫወትኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከበትን ቅጂ አዳመጥኩ። አልባሳት የለ፣ መድረክ የለ። አንድ ሰው ብቻውን በዛብህንም ሰብለ ወንጌልንም ፊታውራሪንም ይሆናል። ፊታውራሪ ሲናገሩ እኛ እንስቅ ይሆናል፤ ወጋየሁ ግን አይስቅባቸውም። ለኛ ትዕቢት የሆነው ነገር ለሳቸው ክብር ነው፤ እሱም እንደዚያው አድርጎ ያነበዋል። ያኔ ነው ያፈርኩት።

ጅል ጨቋኝ እኮ ማንንም አያስፈራም! የቅድመ አያቴ ባለመሬት ጅል አልነበረም፤ ትክክል ነኝ ብሎ ሌሊቱን በሰላም የሚተኛ ሰው ነበር እንጂ። እኔ አሾፌበት አሳነስኩት፤ በደሉንም አብሬ አሳነስኩ።

የሩሲያው የቴአትር ሰው ስታኒስላቭስኪ ተዋናዩ «በዚህ ሰው ቦታ ብሆን ኖሮስ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ያስተምር ነበር። ጥያቄው በደለኛውን ነፃ አያወጣም፤ ፍርዱን ለተመልካቹ ይተዋል እንጂ።

ታዲያ የሚመስለንን ሰው መጫወትስ ይቀላል? ጉዱ ካሳን ያነበበው ጓደኛችን ሐሳቡም ቁጣውም ከካሳ ጋር አንድ ነው። ውጤቱ ግን የስብሰባ ንግግር ሆነ፤ በየዐረፍተ ነገሩ ማለቂያ ጭብጨባ እየጠበቀ ያቆም ነበር። በልቦለዱ ውስጥ ካሳን ሰዉ እብድ ይለዋል፤ የሚያጨበጭብለት የለም። ብቸኝነቱ ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል? ጓደኛችን ካሳን አገኘሁ ብሎ ያገኘው ራሱን ነው። እኔም ከዚያ አልተሻልኩም፤ ፊታውራሪን አገኘሁ ብዬ ያገኘሁት የራሴን ጥላቻ ነበር።

ለሚቀጥለው ምሽት ዕጣው ይቅር፤ እያንዳንዳችን የምንጠላውን ሰው እንውሰድ። እኔ ፊታውራሪን ደግሜ እጠይቃለሁ። ቅድመ አያቴ በሕይወት ኖረው ከአዳራሹ ቢቀመጡ መሳቅ ሳይሆን ማወቅ ነበረባቸው፦ «አዎ፣ እንዲህ ነበር የሚያናግረን» እንዲሉ።