መጠሪያ ያላገኘው ነርስ
በጎልማሳነት ወደ ነርስነት ስለሚገቡ ወንዶች የቀረበ ሂስ

በአገራችን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች አንዲት ሴት የነርስነት ትምህርቷን አጠናቃ ሥራ ስትጀምር ከስሟ በፊት «ሲ/ር» የሚል ማዕረግ ይጻፋል። አብሯት የተማረውና ያንኑ ፈተና ያለፈው ወንድ ግን በደብዳቤ ላይ «አቶ» እንደሆነ ይቀራል፤ ከአልጋው አጠገብ ሲቆም ደግሞ ሕመምተኛው «ዶክተር» ይለዋል። ልማዱ ከመደጋገሙ የተነሣ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይሁንና የአንድ ሙያ መጠሪያ ሙያው ለማን እንደታሰበ ስለሚናገር ሊመረመር ይገባል። በተለይም በሌላ ሥራ ዓመታት ቆይቶ በጎልማሳነቱ ነርስ ለመሆን ለሚወስን ወንድ፣ የመጠሪያው ጉድለት ከአነጋገር ያለፈ ጣጣ አለው።

«ሲስተር» በአውሮፓ ሕሙማንን ይንከባከቡ የነበሩ መነኮሳይያት መጠሪያ ነበር፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ክፍል ኃላፊ ለሆነች ነርስ ማዕረግ ሆነ፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ለሴት ነርሶች ሁሉ ተሰጠ። የአገራችን ነርስነት ቀዳሚ አርአያ ሆነው የሚታወሱትም ሴት ናቸው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በለቀምት ዐርፈዋል። በአንጻሩ በየገጠሩ ክሊኒክ ቁስል ሲያጥቡ፣ ፋሻ ሲጠቀልሉና መርፌ ሲወጉ የኖሩት ድሬሰሮች በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ሕዝቡ «ሐኪም» እያለ ስለጠራቸው የእንክብካቤ ሥራቸው በራሱ ስም ሳይታወቅ ቀረ። የዛሬው ወንድ ነርስ የወረሰው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን በምዕራባውያኑ ዓይን ብቻ መመልከት ያሳስታል። በእንግሊዝ ወንድ ነርሶች እስከ 1949 ድረስ ከዋናው መዝገብ ተለይተው ይመዘገቡ ነበር። በአሜሪካም ጆ ሆጋን የተባለ ነርስ በሚሲሲፒ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ እንዳይማር በወንድነቱ በመከልከሉ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1982 ተፈረደለት። በእነርሱ ዘንድ የወንዱ ችግር በሩ መዘጋቱ ነበር። በእኛ ዘንድ በሩ ክፍት ነው፤ ወንድ ነርስም ብርቅ አይደለም። ችግሩ የገባው ሰው በቤቱ እንደ መንገደኛ መታየቱ ነው። ዘመዱም የሥራ ባልደረባውም «መቼ ነው ዶክተር የምትሆነው?» ይሉታል። ነርስነት ለወንድ የማረፊያ ሙያ ሳይሆን የመወጣጫ እርከን ተደርጎ ተቆጥሯል።

የዚህ አመለካከት ጉዳት በወረታና በፎገራ ሜዳ በግልጽ ይታያል። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለውን ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ያጥለቀልቁታል፤ ሩዙም ወባውም ከዚሁ ውኃ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከተማዋ የግብርና ኮሌጅ ስላላት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በአካባቢው የታወቀ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት አገልግሎት በኋላ ነርስ ለመሆን ቢወስን፣ ደመወዙን ትቶ፣ ከልጆቹ እምብዛም ከማይበልጡ ወጣቶች ጋር ተቀምጦ፣ ቀንና ሌሊት የተግባር ልምምድ ወጥቶ፣ የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ሲመጣ እንደ ጀማሪ መቆጠሩ ተገቢ ነው፤ ምንም እንደማያውቅ መቆጠሩ ግን ስሕተት ነው። የትኛው ቀበሌ መቼ በውኃ እንደሚከበብ፣ ወጣቱ መቼ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ እንደሚወርድና መቼ እንደሚመለስ ያውቃልና።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አካባቢው በከባድ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በአጎራባቹ ፎገራ የካላአዛር ወረርሽኝ ተገኘ። ከመታወቁ በፊት ሕሙማኑ መድኃኒት የተላመደ ወባ ይዟቸዋል ተብሎ ይታከሙ ነበር። በአዲስ ዘመን በተከፈተው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማዕከል እስከ 2007 መጨረሻ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታክመዋል፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ወንዶች ነበሩ። በሽታው ወደ ደጋው የገባው ከቆላው እርሻ በሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል። በዚያን ዘመን በአገራችን መደበኛ የነበረው ሕክምና በየቀኑ ለ30 ቀናት የሚሰጥ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ ነበር። ምርመራውና ትእዛዙ የሐኪም ነው፤ ሠላሳውን ቀን ከሕመምተኛው ጋር የሚውለው ግን ነርስ ነው። ትውከቱን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ የጣፊያውን መቀነስ የሚከታተለው፣ «ከየት መጣህ? የት ከርመህ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ያለው እርሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሕይወት ልምድ ያለው ሰው ሲገኝ ወደ ሌላ ሙያ እንዲያልፍ መገፋፋት አገልግሎቱን ማራቆት ነው።

«ዶክተር» መባሉ አክብሮት እንጂ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። አክብሮቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ማን እንዳከመው የማወቅ መብት አለው፤ ነርስ ያየውን ሰው ሐኪም አይቶኛል ብሎ ወደ ቤቱ ቢመለስና ቢብስበት፣ ስሕተቱን ዝም ብሎ የተቀበለው ባለሙያ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሌሎች ደግሞ «ሙያ በልብ ነው» በማለት የስሙን ጉዳይ ያቃልላሉ። ሙያ በልብ መሆኑ መልካም ነው፤ የሥራ ድርሻና ኃላፊነት ግን በስም ካልተለየ በልብ ብቻ አይጠበቅም።

ወንድ ነርስ በሁሉም ቦታ ተቀባይነት አለው ማለትም አይቻልም። በምጥ ላይ ያለች እናት ሴት ባለሙያ ብትመርጥ ምርጫዋ ሊከበር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአርሶ አደሩ አካባቢ ሴቶችን መምረጡም በቂ ምክንያት ነበረው። ጥያቄው ወንዱ የሴቷን ቦታ እንዲወስድ ሳይሆን የራሱ ቦታ እንዲታወቅለት ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። «ነርስ» የሚለው ቃል ለሴትም ለወንድም ይሆናል፤ በደረት መታወቂያውም በደብዳቤውም ከስሙ በፊት ሊጻፍ ይችላል። ወንድ ነርስም «ዶክተር» ሲባል በትሕትና አርሞ ማንነቱን ቢናገር ሕመምተኛውንም ሙያውንም ያከብራል። ማሠልጠኛዎች በጎልማሳነት የሚመጣውን ሠልጣኝ የቀድሞ ልምድ ጠይቀው በተግባር ልምምድ ምደባ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። አሠሪዎችም በነርስነቱ ጸንቶ ለሚያገለግል ሰው የዕድገት መንገድ በነርስነቱ ውስጥ ሊያበጁለት ይገባል። ሌላ ሥራ ትቶ ወደ ሕሙማን አልጋ የመጣ ሰው ሙያውን መርጧል፤ ከሙያ ጓደኞቹ የሚጠብቀው ምርጫውን በስሙ እንዲጠሩለት ነው።