ጣት የተለየው ቅርጽ

«ሉባ» የሚለው ቃል የገዳን ሥርዓት ለሚያውቅ የመቱ፣ የጎሬ ወይም የበደሌ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እዚህ የምናነሣቸው ሉባዎች ግን በደቡብ ምሥራቅ ኮንጎ የሚኖሩ ሌላ ሕዝብ ናቸው፤ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው።

ከእነርሱ ሥነ ቅርጽ መካከል ካሼኬሼኬ የተባለው መሣሪያ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። አናቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሴት ራስ የተቀረጸበት፣ ከራሱ በታች ተፈልፍሎ ክፍት የተተወ ትንሽ እንጨት ነው። አዋቂውና ጠያቂው («ጠንቋይ» ብለን ብንጀምር ፍርዱን ቀድመን በሰጠን ነበር) በጣቶቻቸው አንድ ላይ ይይዙታል። ጥያቄው ሲቀርብ መሣሪያው ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ በእንቅስቃሴው ይመልሳል።

የአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ለረጅም ጊዜ ያደነቁት የፊቱን ቅርጽ ነው። ሜሪ ኑተር ሮበርትስና አለን ሮበርትስ በ1996 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ባዘጋጁት ትርኢት የሉባ ቅርጾች የታሪክ ማስታወሻ መሆናቸውን በማሳየት ይህን አመለካከት አስፍተውታል። ሆኖም በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ካሼኬሼኬ አሁንም ጎዶሎ ነው። በእኔ ግምት የሥራው እምብርት ፊቱ ሳይሆን ለሁለት ሰዎች ጣት የተተወው ባዶ ቦታ ነው። ቀራጺው ያን ቦታ ሲፈለፍል ጠያቂውን የሥራው ተካፋይ አድርጎታል።

በሀገራችን ሞራ ገላጩ የሚያነበው የታረደውን ከብት ሞራ ነው፤ ጠጠር ጣዩ ጠጠሩን፣ ሲኒ የሚያየውም አተላውን። ሞራው ያልቃል፣ ሲኒው ይታጠባል። ለቤተ መዘክር የሚተርፍ ቅርጽ ስለሌለ ብቻ ጥበብ አልነበረም ሊባል ነውን?

በእንጨቱ በኩል ሲንቄን እንመልከት። በኦሮሞ ባህል ሴት በሠርጓ የምትቀበለው ይህ ቀጭን በትር ቅርጽ ብቻ ለሚመዝን ሃያሲ ከተራ ዘንግ አይለይም። ሴቶች ይዘውት በሚጣሉ ሰዎች መካከል ሲገቡ ግን ጠቡ ይቆማል። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ሲንቄና ቦኩ በየመድረኩ ይታያሉ፤ መታየታቸው መልካም ነው። ነገር ግን በሚስማር ተሰቅሎ «በትር፣ ከእንጨት» የተባለ ሲንቄ የካሼኬሼኬ ዕጣ ደርሶታል።

እንዲህ ያለውን መመዝገብ ኋላ ቀር እምነትን ማበረታታት ነው የሚሉ ይኖራሉ። አንድ ዕቃ እንዴት ይያዝ እንደነበር መጻፍ በዕቃው ማመን አይደለም። በኢሉባቦር ከተሞች ለትምህርት ቤቱ ቅርስ የሚሰበስብ መምህር የሲንቄውን ርዝመት ከመለካቱ በፊት ባለቤቲቱን ይጠይቃት፤ መቼ ይዛው እንደወጣች፣ ማን ከማን ተጣልቶ እንደነበር፣ ከኋላዋ እነማን እንደተከተሏት።