እንካ ሰላንትያ በፒያኖና በድራም

ስለ ጃዝ ሲጻፍ «ውይይት» የምትባል ቃል አትጠፋም። ፒያኖው ይጠይቃል፣ ድራሙ ይመልሳል፤ አንባቢም አሜን ብሎ ያልፋል። የሆላንዶቹ ፒያኒስት ሚሻ ሜንግልበርግና ድራም መቺ ሃን ቤኒንክ ግን በዚህ ቃል አይያዙም። እኔ ጨዋታቸውን የማስጠጋው ወደ እንካ ሰላንትያ ነው። እዚያ መላሹ የጠያቂውን ቃል የሚቀበለው ሊያግዘው ሳይሆን ቤት መምቻ አድርጎ መልሶ ሊወጋው ነው። እነሱም ነገሩን አልሸሸጉትም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ለጀርመኑ ሙዚቃ አሳታሚ ኤፍኤምፒ የቀዱትን አልበም «አንድ ዙር የጠረጴዛ ቴኒስ» ብለውታል።

ሜንግልበርግ በ1935 ኪየቭ ተወልዶ ዘ ሄግ ኮንሰርቫቶሪ የተማረ የሙዚቃ ቤተሰብ ልጅ ነው። በሰባት ዓመት የሚያንሰው ቤኒንክ አባቱ የኦርኬስትራ ድራም መቺ ነበሩ፤ እሱ ራሱ የተማረው ሥዕል ነው። በ1964 ሂልቨርሰም ውስጥ አሜሪካዊውን ሳክስፎኒስት ኤሪክ ዶልፊን ሲያጅቡ የተቀዳው «ላስት ዴት» የተሰኘ አልበም ስማቸውን አስጠራ፤ ዶልፊ በዚያው ወር በርሊን ላይ አረፈ። በ1967 ከሳክስፎኒስቱ ዊለም ብሮይከር ጋር «ኢንስታንት ኮምፖዘርስ ፑል» (የቅጽበት ደራሲዎች ኅብረት) የተባለውን ቡድን መሠረቱ።

ሁሉ ነገር በዚህ ስም ውስጥ አለ። ሜንግልበርግ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጥረውን ሙዚቃ የቅጽበት ድርሰት ይለው ነበር። ስሜት ማፍሰስ አይደለም፤ ቅርጽ መወሰን ነው። የድርሰቱ መሣሪያ ደግሞ ማደናቀፍ ነው። ቤኒንክ ተረከዙን ስኔር ድራሙ ላይ አውጥቶ ቆዳውን ሲጫነው ድምፁ ይቀጥናል፣ እግሩን ሲያላላ ይወፍራል፤ እጆቹ ግን ፋታ አይሰጡም። ሲያሻው ተነሥቶ ወለሉንና ወንበሩን ይደበድባል። ሜንግልበርግ ሲጋራውን ይዞ ይጠብቃል። ጩኸቱ ጣሪያ ሲነካ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ የልጅ መዝሙር የምትመስል ዜማ በሁለት ጣት ጣል ያደርጋል። ያ ሁሉ ነጎድጓድ ባንዴ ማፈሪያ ይሆናል። ይህን ቀልድ ብቻ አድርገው የሚያዩት ይሳሳታሉ፤ ባልደረባውን በደንብ ያልሰማ ሰው መቼ እንደሚያደናቅፈው አያውቅም።

ቅሬታ ግን አለኝ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤኒንክ መድረኩን በልዩ ልዩ መሣሪያ ሞልቶ ፒያኖውን የሚውጥበት ጊዜ ነበር። አዳራሽ ውስጥ የሚያስቀው ግርግር ሸክላው ላይ ዓይን ስለሌለ ያደክማል። ኋላ ዕቃውን ቀንሶ ወደ ተራ ድራም ሲመለስ ጨዋታው ተሳለ። (ቤኒንክ ለእኛም ጨርሶ ባዳ አይደለም፤ በ2006 ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ያወጣው የሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ፣ በ1995 «ኢንስታንት» በተሰኘ አልበሙ ጋብዞታል።)

ሜንግልበርግ በ2017 አረፈ። እኔ የሚታወሰኝ ግን በቡድኑ ማሳተሚያ የወጣ አንድ ሸክላ ነው። በአንዱ ገጽ ሁለቱ ከዶልፊ ጋር የቴሎኒየስ መንክን ዜማ ይጫወታሉ። ሲገለበጥ ሜንግልበርግ ፒያኖ ላይ ተቀምጧል፤ አብሮት የሚጫወተው በቀቀኑ ነው።