ስሙን ማወቅና ነገሩን ማወቅ፦ ስለ እንግሊዝኛ የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች አጠናን

የእንግሊዝኛ ፈተና ሲቃረብ በብዙ ተማሪዎች እጅ አንድ ዓይነት ደብተር ይታያል። በግራ በኩል ሲሚሊ፥ ሜታፎር፥ አይሮኒ፥ ፓራዶክስ፥ ሜቶኒሚ የሚሉ ስያሜዎች ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል ላያንዳንዱ የአንድ መስመር ፍቺ ተጽፎለታል። ተማሪው ቀኙን በእጁ ሸፍኖ ግራውን እያየ ይሸመድዳል። እኛም በዚሁ መንገድ ያለፍን ስለ ሆንን የምንነቅፈው የሌላውን ጥፋት ብቻ አይደለም። ዳሩ ግን ይህ አጠናን ማርክ ቢያስገኝም ማንበብን አያስተምርም ብለን ስለምናምን፥ ምክንያታችንን ቀጥሎ ለማስረዳት እንሞክራለን።

መጀመሪያ ከሁሉ ቀላል የሚባለውን እንመልከት። በደብተሩ ላይ «ላይክ ወይም አዝ የሚል ቃል ካለበት ሲሚሊ ነው፤ ከሌለበት ሜታፎር ነው» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ደንብ «ወታደሩ እንደ አንበሳ ተዋጋ» የሚለው ሲሚሊ፥ «ወታደሩ አንበሳ ነው» የሚለው ሜታፎር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ደንቡ ይሠራል። ነገር ግን «ልጁ አባቱን ይመስላል» የሚለው አሳብ በእንግሊዝኛ ሲነገር ላይክ የሚለው ቃል ይገባበታል፤ ሆኖም ሁለት ሰዎችን በመልክ ማስተያየት እንጂ ሲሚሊ አይደለም። «እየሠራች ትዘፍናለች» በሚለውም አዝ የሚለው ቃል ሊገባ ይችላል፤ እዚያ ግን ጊዜን ከማመልከት በቀር ንጽጽር የለበትም። ሲሚሊ የሚሆነው በባሕርያቸው የተራራቁ ሁለት ነገሮች ባንድ ጠባይ ሲገናኙ ነው። እንግዲህ ምልክቱን ብቻ የያዘ ተማሪ የሚሳሳተው በዚያው ባመነበት ምልክት ነው።

የአይሮኒም ነገር እንዲሁ ነው። ደብተሩ «የሚነገረውና የሚታሰበው ሲቃረን» ይላል። ይህ ፍቺ ለንግግር ምጸት ቢበቃም ለተውኔት አይበቃም። በሼክስፒር ድርሰት፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ በመለሰው በኦቴሎ ውስጥ፥ ኦቴሎ ተንኰለኛውን ኢያጎን ደጋግሞ ሐቀኛ ይለዋል። ኦቴሎ ይህን የሚለው ከልቡ ነው፤ ቃሉና አሳቡ አልተቃረኑም። ምጸቱ የሚመነጨው ተመልካቹ የኢያጎን ተንኰል አስቀድሞ ስላወቀ ነው። ስለዚህ ምጸቱን ለማግኘት ቃሉን ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ማን ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ተማሪው እነዚህን ስያሜዎች የሚፈራቸው የእንግሊዞች የተፈጥሮ ሀብት ስለሚመስሉት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሜታፎር የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም ማሻገር ማለት ነው፤ አሪስጣጣሊስም ስለ ግጥም በጻፈው መጽሐፉ የአንዱን ነገር ስም ለሌላው መስጠት መሆኑን አስረድቷል። እንግሊዞች ራሳቸው በነዚህ የባዕድ ስሞች ተቸግረው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1589 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝኛ ግጥም የታተመና የጆርጅ ፑተናም ነው የሚባል አንድ መጽሐፍ፥ ምጸትን «ደረቅ ፌዝ»፥ ግነትን «ጯሂው ውሸታም» በሚል ዓይነት ተራ ስም ጠርቷቸዋል። አብዛኞቹ ስሞች አልጸኑም፤ የግሪኩ ስም ቀረ። የደራሲው ድካም ግን የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ይኸውም ስም የሚረዳው ነገሩን ሲያሳይ መሆኑን ነው።

ባገራችንስ? ተነጻጻሪ ዘይቤ፥ ተለዋጭ ዘይቤ፥ ሰውኛ፥ ግነት፥ ምጸት፥ አያዎ የሚሉ ስሞች በአማርኛ ትምህርት ውስጥ አሉ። ቢሆንም የአማርኛውን ስም ከእንግሊዝኛው ጎን መለጠፍ ብቻውን ሌላ ሽምደዳ ይሆናል። «ሰምና ወርቅ ማለት ሜታፎር ነው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል! በሰም ለበስ ቅኔ ሰሙና ወርቁ ተጣምረው ስለሚገለጡ ለሜታፎር ይቀርባል። በኅብር ግን አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ስለሚሸከም እንግሊዞች ፐን ወደሚሉት ይጠጋል። ልዩነቱን የሸፈነ ሰው ሁለቱንም አላወቀም።

ከቅኔ ቤት ልንወስደው የሚገባን ስያሜውን ሳይሆን አሠራሩን ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ራሱ እየቈጠረ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማልም። የኅብርን ምንነት የሚያውቀው ኅብር ሠርቶ ስለሆነ አይረሳውም።

«ፈተናው የሰዓት ነገር ነው፤ ቅኔ ለመቊጠር ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚለን ይኖራል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ምርጫ የሚያጠቊር ተማሪ ፍቺውን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። እኛም ፍቺው ይቅር አንልም። ነገር ግን ላንድ ስያሜ ሦስት ነገር ቢደረግለት፥ ማለት የራስን ዓረፍተ ነገር መሥራት፥ ዘይቤው ቢወጣ ምን እንደሚጐድል መጠየቅ፥ የሚመሳሰለውን ከሚለይበት ጋር ማስተያየት፥ የሚፈጀው ጊዜ አሥር ጊዜ ከመሸምደድ አይበልጥም። ለምሳሌ «የምመግበው አፍ ብዙ ነው» ያለ ሰው የአካሉን ክፍል ስለ ሙሉ ሰው ተናግሯል፤ ይህ ሲነክዶኪ ነው። «ዙፋኑ አዘዘ» ያለ ግን ከንጉሡ ጋር የተያያዘውን ዕቃ ስለ ንጉሡ ተናግሯል፤ ይህ ሜቶኒሚ ነው። ሁለቱን ራሱ የሠራ ተማሪ በፈተናው ወንበር ላይ አያምታታቸውም።

ባገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ቋንቋ በምልክት ብቻ የሚያነብ ተማሪ የታሪኩንም የሳይንሱንም መጽሐፍ እንዲሁ ማንበቡ አይቀርም። ሲፌዝበት እንደ ምስጋና ይቀበላል፤ ሲጋነንለት እንደ እውነት ያምናል። እንግዲህ ደብተሩን ጣሉት አንልም፤ ከግራውና ከቀኙ መስመር ቀጥሎ ሦስተኛ መስመር ይሠመርበትና ተማሪው የራሱን ቃል ይጻፍበት እንላለን።