ትልቁ በርሜልና ትንሹ በርሜል

ባሮሎ የተባለውን የጣሊያን ወይን ገና በለጋነቱ የቀመሰ ሰው ግራ ይጋባል። መልኩ ፈዘዝ ያለ ቀይ ስለሆነ ለስላሳ ይመስላል፤ ሲጎነጩት ግን እንደ ከረረ ሻይ ድድ ይይዛል፣ ምላስ ያደርቃል። ይህ ከጠማቂው ስህተት የመጣ አይደለም፤ የኔቢዮሎ ወይን ዝርያ ጠባይ ነው። ባሮሎ የሚጠመቀው በሰሜን ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ በላንጌ ኮረብቶች ላይ ከሚበቅለው ከዚህ ወይን ብቻ ነው። ሌላ ዝርያ መቀላቀልን ሕጉ አይፈቅድም።

ኔቢዮሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይበስላል። ስለዚህ ገበሬው ፀሐይ የማትለየውን የተሻለውን ተዳፋት ለእርሱ ይሰጣል። ኔቢዮሎ የበቀለበትን አፈርም አይደብቅም። ከላ ሞራ መንደር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለስለስ ያለ፣ መዓዛው ቶሎ የሚከፈት ነው። ከሴራሉንጋ የሚመጣው ጠንካራና ቁጥብ ነው፤ ለመግራት ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ሁለቱ መንደሮች ግን እርስ በርስ አይራራቁም።

እኔ የምሠራበት ጓዳ የቀድሞውን መንገድ ይከተላል። ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ይፈላል፤ ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን ልጣጭ በእንጨት ርብራብ ተጭነን ለሳምንታት እናስጠልቀዋለን። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ወደሚይዝ የባሉጥ በርሜል ይገባል። ሕጉ ባሮሎ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ ያዛል፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱ ወር በእንጨት ውስጥ ነው። ሪዜርቫ ለሚባለው 62 ወር ያስፈልጋል። በትልቅ በርሜል ውስጥ እንጨቱን የሚነካው ወይን ከጠቅላላው ጥቂት ስለሆነ አየር በዝግታ ይገባል፤ ድድ የሚይዘው ታኒን ቀስ እያለ ይለዝባል፣ የእንጨት ሽታም አይጫነውም።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጣት ጠማቂዎች በዚህ መንገድ ላይ አመፁ። ኤሊዮ አልታሬ የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራረጣቸው፤ አባቱም ከውርስ ነቀሉት። ወጣቶቹ 225 ሊትር የሚይዘውን ባሪክ የተባለ ትንሽ አዲስ በርሜል ከፈረንሳይ አስገቡ፣ ልጣጩን በቀናት ውስጥ ማውጣት ጀመሩ። ከቀድሞው ወገን ባርቶሎ ማስካሬሎ በጠርሙሱ መለያ ላይ ባሪክንና ፖለቲከኛውን ቤርሉስኮኒን ባንድነት የሚቃወም ጽሑፍ በእጁ አሰፈረ።

እኔ ከትልቁ በርሜል ጎን ነኝ። ምክንያቴም የላ ሞራና የሴራሉንጋ ልዩነት ነው። አዲስ ትንሽ በርሜል ወይኑን የቫኒላና የተቆላ እንጨት ሽታ ያላብሰዋል፤ ያኔ የኔቢዮሎ መለያ የሆነው የጽጌረዳና የሬንጅ መዓዛ ይሸፈናል፣ ሁለቱ ኮረብቶችም አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። ያንን ልዩነት ለማግኘት ስንት ዓመት ከጠበቅን በኋላ በእንጨት መሸፈን ልፋቱን ከንቱ ማድረግ ነው።

ነገር ግን አመፀኞቹ ትክክል የነበሩበትን ሳልናገር ባልፍ እበድላቸዋለሁ። በብዙ ጓዳ ያረጁ በርሜሎች ንጽሕና ጎድሏቸው ነበር፤ መጥፎ ሽታውንም «ወጉ ነው» እያሉ ያልፉት ነበር። ወጣቶቹ ንጽሕናን፣ የመፍላቱን ሙቀት መቆጣጠርን፣ የቀረው በደንብ እንዲበስል ከተክሉ ላይ ዘለላ መቀነስን አስተማሩ። ዛሬ ከትልቅ በርሜል የሚወጣው ባሮሎ ንጹሕ የሆነው እነዚህን ትምህርቶች ስለወሰደ ነው።

ስለዚህ በሥራዬ ወግን የምጠብቀው በየጊዜው እየፈተንኩት ነው። ወይኑ በእንጨቱ ቀዳዳ እየተነነ ሲጎድል በርሜሉን አፉ ድረስ እሞላለሁ፤ ባዶ ቦታ ከቀረ ወደ ኮምጣጤ መሄዱ አይቀርም። እያንዳንዱን በርሜል ለብቻው እቀምሳለሁ። የከረረ ታኒን ካገኘሁ እጠብቃለሁ፤ የእንጨቱ እርጅና ያመጣው ሽታ ከሆነ ግን ወይኑን ወዲያው አወጣዋለሁ። የሚቆየውን ጥንካሬ ከማይድነው ጉድለት መለየት፣ በእኔ እምነት፣ የጓዳ ሙያ ዋናው ነገር ነው።

ለጋ ባሮሎ የገጠመው አንባቢም ይህንኑ መሞከር ይችላል። ጮማ ካለው ጥብስ ጋር ያቅርበው፤ የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ይይዘዋል፣ ድርቀቱም ይቀንሳል። ሁለተኛውን ጠርሙስ ደግሞ ለዓመታት ያቆየው። ከዚያ በኋላ የትኛው ኮረብታ እንደወለደው ከራሱ ከወይኑ ያውቃል።