የሒሮሺጌ ዝናም የማን እጅ ሥራ ነው?

ኡታጋዋ ሒሮሺጌ በ1857 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያወጣው፥ በኤዶ ከተማ በሺን ኦሐሺ ድልድይ ላይ ድንገተኛ ዝናም ሲወርድ የሚያሳየው የእንጨት ኅትመት በብዙ መጻሕፍት ስለሚገኝ መልኩን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ተቺዎችም ዘወትር «የሒሮሺጌ ሥዕል» ይሉታል። እኛ ግን ይህ አጠራር ፍርዳችንን አሳስቶታል እንላለን።

እንደ ዘመኑ ልማድ የሠዓሊው ድርሻ በስስ ወረቀት ላይ መንደፍና የቀለማቱን ምርጫ ማመልከት ነበር። ንድፉ በቼሪ ሳንቃ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ይለጠፋል፤ ቀራጩም ወረቀቱንና እንጨቱን አብሮ ይቈርጣል። ስለዚህ ሠዓሊው በእጁ የነደፈው ወረቀት ሥራው እንደ ተጀመረ ይጠፋል።

የዝናሙን መስመሮች እንመልከት። በሁለት አቅጣጫ የሚወርዱት እነዚያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች በእንጨቱ ላይ የተፈለፈሉ አይደሉም፤ ቀራጩ በግራና በቀኝ ያለውን እንጨት እያነሣ ያስቀራቸው ናቸው። ቢላዋው አንድ ጊዜ ከሳተ መስመሩ ተሰብሮ ይቀራል።

ከቀራጩ ይልቅ የተረሳው ግን አታሚው ነው። ከሰማዩ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታች እየሳሳ የሚጠፋው ጥቁር ደመና የተሠራው ቦካሺ በተባለው ዘዴ ነው፤ ይህ መሳሳት በሳንቃው ላይ ከቶ አልተቀረጸም። አታሚው ሳንቃውን በውሃ ያርሳል፥ ቀለሙን በአንድ ወገን ብቻ በብሩሽ ያደርጋል፥ ቀለሙም ወደ እርጥቡ ሲሄድ ይደበዝዛል። ከዚያም ከኮዞ ተክል ልጥ የተሠራውን እርጥብ ወረቀት ኬንቶ በሚባሉት ምልክቶች ልክ አግጥሞ፥ በቀርከሐ ቅርፊት በተሸፈነው ባረን ጀርባውን ያሻል። ይህንኑ ለእያንዳንዱ ቅጂ እንደ ገና ያደርጋል። በዚህ ሥዕል ቅጂዎች መካከል የደመናው ቅርጽ እንኳ ይለያያል። እንግዲህ ስለ «ሒሮሺጌ ሰማይ» አንድ ፎቶግራፍ አይቶ የሚጽፍ ሰው (በመካከላችንም ብዙ ነን) የጻፈው ስለ የትኛው ሰማይ ነው?

ቪንሰንት ቫን ጎኽ በ1887 ይህንኑ ሥዕል በዘይት ቀለም ገልብጦታል። ድልድዩም መንገደኞቹም አሉ። ነገር ግን የዘይት ቀለም በሸራው ላይ ይቆማል፤ የጃፓኑ የውሃ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። በኛ አስተያየት የቫን ጎኽ ዝናም ክር ይመስላል እንጂ አያረጥብም። ንድፉ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ይህ ልዩነት ባልመጣ ነበር።

ይሁን እንጂ ተቃራኒ አሳብ አለ። ያማሞቶ ካናኤ በ1904 «ዓሣ አጥማጅ» የተባለውን ሥራ ራሱ ነድፎ፥ ራሱ ቀርጾ፥ ራሱ አትሞ አወጣ፤ እርሱን የተከተሉት ሠዓልያንም እውነተኛ ጥበብ ከአንድ ሰው እጅ መውጣት አለበት አሉ። ክርክራቸው በአንድ በኩል ትክክል ነው፤ በአሮጌው ሥርዐት አዛዡ ገበያን የሚያይ አሳታሚ ስለ ሆነ፥ ገዢ ሲበዛ ቦካሺው ይቸኰልበታል። ነገር ግን ካዋሴ ሐሱይ በ1925 ያወጣውን፥ በበረዶ ውስጥ የቆመውን የሺባውን ዞጆጂ መቅደስ ያየ ሰው ሥራን መከፋፈል ጥበብን ይገድላል ለማለት ይቸግረዋል። ሐሱይ ነደፈ፤ በአሳታሚው በዋታናቤ ሾዛቡሮ ሥር የነበሩት ቀራጮችና አታሚዎች ሠሩት። የዋታናቤ ሳንቃዎች በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ጠፍተው ነበር፤ ሥራው እንደ ገና ሊነሣ የቻለው የሠራተኞቹ እጅ ስላልጠፋ ነው።

በድልድዩ ሥዕል ላይ የሒሮሺጌ ስም ይነበባል። ደመናውን ያሳሳው ሰው ስም ግን አይነበብም፤ ስለዚህ ተቺው ቢያንስ የተመለከተው የትኛውን ቅጂ እንደ ሆነ ለይቶ ይጻፍልን።